የሬሳው ሳል

ግድግዳው እየተገፋ ነው። ሁለት ሠራተኞች ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ብቻ፣ የሸራና የጣውላውን ግድግዳ ከነሥዕሉ ከነመጋረጃው ወደ ስቱዲዮው መሐል ያመጡታል። ዊኒ ስታኒክ ደግሞ የካሜራውን ወፍራም ገመድ በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ማንም እንዳይጠለፍበት እየሰበሰበች የኋሊት ትራመዳለች። ከእግራቸው ሥር፣ ብዙ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ባቡር ወደ ጣቢያው ሲገባ ወለሉ ይርገበገባል። ያ ሁሉ የኒው ዮርክ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ ሲገባ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ከራሱ በላይ አንድ ሰው እንደሚገደል አንድም ቀን ልብ ብሎ አያውቅም።

የሚገደለው በመርማሪ ካርሞዲ ድራማ ውስጥ ነው። ጊዜው በፈረንጆች 1950 መኸር ነው፤ ቴሌቪዥን ገና እንጭጭ፣ ሣጥኑ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ መስኮቱ ግን ከትሪ ያነሰ። ቀድቶ ማስቀመጥ ብሎ ነገር የለም። ተዋናዩ እዚህ ሲናገር አገሩ በዚያው ቅጽበት ያየዋል፤ የተሳሳተ ተሳሳተ፣ የወደቀ ወደቀ፣ መመለሻ የለውም። ዊኒ የመድረክ አስተባባሪ ናት። ወንዶቹ ጦር ሜዳ ሲሄዱ ክፍት ቦታው ላይ ገባች፣ ሲመለሱም አልለቅም ብላ እዚያው ቀረች፤ ይህን ያልረሱላት ብዙዎች ናቸው። ጆሮዋ ላይ ከባድ ማዳመጫ አለ። ዳይሬክተሩ ከላይ ካለው የመስታወት ክፍል ሆኖ በዚያ ያዛታል፣ እሷ ደግሞ ድምፅ ስለማይፈቀድላት ትእዛዙን በእጇ ለተዋንያኑ ታስተላልፋለች። ሁለት እጆቿን ሊጥ እንደሚስብ ሰው ከሳበች አስረዝም ማለት ነው። ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ካደረገች ሲጋራ ለኩስ። መዳፏን አንገቷ ላይ እንደ ቢላዋ ካሳለፈች ጨርስ።

በዚያ ቤት ማዕረግ በሥርዓት ነበር። ከሁሉ በላይ ሲጋራው ነው። ዱንሞር ይባላል፤ ስፖንሰሩ እሱ ነውና ከንጉሥ ይበልጣል። ከሲጋራው ቀጥሎ የፋብሪካው እንደራሴ ሚስተር ሃክስቢ፣ ከሃክስቢ ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ላይል ኮስግሬቭ፣ ከዚያ መርማሪውን የሚጫወተው ራንዳል ቴሪስ፣ ከዚያ ወዲያ የሰው ዘር በሙሉ። የመጨረሻው መጨረሻ ላይ ሬሳው አለ። ሬሳ ምን ይናገራል፣ ማንስ ሚስተር ይለዋል።

ሃክስቢ ሕግ አወጣ። ጥሩ ሰው ያጨሳል፣ ክፉ ሰው አያጨስም። ገዳይ ዱንሞር ይዞ ከታየ ሲጋራው የነፍሰ ገዳይ ሲጋራ ሆነ ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ አይሞከርም። ከዚህ የተነሣ የዊኒ የቤት አከራይ፣ ወይዘሮ ሃቭሊክ፣ ገና ድራማው ሳይሞቅ "ያቺ ሲጋራ ያልያዘችው ናት የገደለችው" ይሉና ወደ ሹራባቸው ይመለሳሉ፤ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም። ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ማንም፣ በምንም ምክንያት፣ ሳል እንዳይሰማበት። ተዋናይ ቃል ቢጠፋው ይታለፋል፣ ሱሪው ቢወልቅ ይሳቃል። ሳል ከተሰማ ግን ሰውየው ኮቱን ይዞ ይወጣል፣ ያመጣውም አብሮት ይወጣል። ሃክስቢ ራሱ አያጨስም፤ ቀኑን ሙሉ የናና ከረሜላ ይመጥጣል። በራሱ ሕግ ከሄድን ገዳዩ እሱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ዊኒን ድሮ የሚያስቃት፣ አሁን አሁን ግን እጅ እጅ የሚላት ፍተሻው ነው። በየሳምንቱ ከመጨረሻው ማስታወቂያ በፊት መርማሪው ብቻውን አንድ ክፍል ይፈትሻል። ጽሑፉ ላይ ያለው "ይፈትሻል" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ጊዜ ካጠረ ቴሪስ ቀጥ ብሎ ሄዶ ማስረጃውን ያነሣል። ጊዜ ከተረፈ መሳቢያ ሁሉ ይከፍታል፣ ምንጣፍ ይገልጣል፣ መጽሐፍ ያራግፋል፣ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ እጁን ይከታል። አገሩ ደግሞ "አቤት የዚህ ሰው ጥንቃቄ" እያለ ያደንቃል። ጠንቃቃው የግድግዳው ሰዓት መሆኑን የሚያውቁት ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለማንም አይናገሩም።

የዛሬው ሬሳ ሜንደል ፕሩዛን ናቸው። ፊልም ድምፅ አልባ በነበረበት ዘመን እሳቸው ራሳቸው ስመ ጥር መርማሪ ነበሩ፤ ቆብ ደፍተው፣ ማጉያ መነጽር ይዘው፣ ፊታቸው ግድግዳ አክሎ በሸራው ላይ ሲመጣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ፊልም አፍ ሲያወጣ ግን ጉድ ፈላ። ፕሩዛን አፋቸውን ቢከፍቱ የወጣው እንግሊዝኛ የትውልድ ከተማቸው የኦዴሳ እንግሊዝኛ ሆነ። የኒው ዮርኩን ጀግና መርማሪ የሄሪንግ ዓሣ ነጋዴ አስመሰለው። ከዚያ ወዲያ በአይሁዶች ሰፈር ቴአትር ሲሠሩ ከረሙ፣ ቴአትሩም ተዘጋ። አሁን ዊኒ ከምትኖርበት ፎቅ ዝቅ ብሎ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። ሳላቸው በወለሉ በኩል ይሰማታል፤ ሲብስባቸው ሾርባ ይዛላቸው ትወርዳለች፣ እሳቸውም ተነሥተው ከረባት ሳያስሩ በር አይከፍቱላትም።

ሳንባቸው ነው። የተዋንያን ማኅበሩ ተራራ ላይ አየሩ ንጹሕ የሆነ የሳንባ ማረፊያ አለው፣ የሚቀበለው ግን በዚህ ወቅት ሥራ ላይ የታየ ተዋናይን ብቻ ነው። ፕሩዛን ከታዩ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ ለዊኒ ምንም ሳይሸፍን ነግሯታል፤ ተራራው ካልተገኘ ከበረዶው ወዲያ አይገኙም። ስለዚህ ኮስግሬቭን ደጅ ጠንታ፣ ለምና፣ የሬሳውን ቦታ አሰጠቻቸው። ሬሳ የኦዴሳ ይሁን የብሩክሊን ማን ይጠይቀዋል። ዛሬ ተኝተው ከተነሡ ሥራ ላይ ታዩ ማለት ነው፣ ሰኞ ተራራው ላይ አልጋው የሳቸው ነው። ሳሉን ሃክስቢ ከሰማው ግን እንኳን ተራራው፣ ከነስማቸው ይሰረዛሉ።

ከሰዓት በኋላ በነበረው ልምምድ ሰማው። ፕሩዛን ምንጣፉ ላይ እንደተዘረሩ አንዲት ደረቅ ሳል አመለጠቻቸው። ሃክስቢ ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረና ማን እንደሆነ ጠየቀ። ዊኒ ገመዱን እንደያዘች እኔ ነኝ፣ አቧራ ገባብኝ አለች። ሃክስቢ ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ሥጋ ቤት ገብቶ ብልት የሚመርጥ ሰው እንዲያ ነው የሚያየው። ማታ የሚደገም ከሆነ አቧራውንም አንቺንም አብሬ ጠርጌ አወጣለሁ አላት። ቴሪስ መስታወት ፊት ቆሞ ቅንድቡን እያስተካከለ ሳቀ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች ይባላል፤ ቴሪስም ሃክስቢን ተማምኖ ያገኘው ሁሉ ላይ አመድ ያራግፋል። ቀሚስ ላይ፣ ጫማ ላይ፣ የሰው ሻይ ውስጥ።

ሊጀመር ሲል ዊኒ ፕሩዛንን ከመጋረጃው ኋላ አገኘቻቸው። ፊታቸውን ነጭ ዱቄት ተቀብተው፣ የሀብታም ካባ ለብሰው፣ ትንሽ መስታወት ይዘዋል።

"ልጄ፣ ስታስተኚኝ ግራ ጉንጬን ወደ ካሜራው አድርጊልኝ።"

"ሚስተር ፕሩዛን፣ ሬሳ ነዎት እኮ።"

"ታዲያ ሬሳ ግራና ቀኝ የለውም?"

ዊኒ አልሳቀችም። አጎንብሳ ካባቸውን አስተካከለችላቸው፣ ደረታቸው ሲያፏጭ በጨርቁ በኩል ተሰማት። ዛሬን ብቻ ይቻሉልኝ፣ ሰኞ ተራራ ላይ ነዎት፣ እኔ ራሴ ባቡር ላይ አሳፍርዎታለሁ አለቻቸው። ፕሩዛን መስታወቱን ኪሳቸው ከተቱት።

"የምትለምኚኝ ዝም እንድል ነው? እኔ ስም ያወጣሁት በዝምታ ነው። ዝም አይነቅዝም፣ አትስጊ።"

ድራማው ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል ያለምንም ነገር አለፈ። ሀብታሙ የዕንቁ ነጋዴ መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ተገደለ፤ ፕሩዛን ሲወድቁ በጣም ስላማረባቸው ካሜራ የያዘው ሰው ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ። ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ክፍል ነው። የሟቹን ሚስት የምትጫወተው ኮርኔሊያ ኦርዌይ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስትናገር ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ የሲጋራ ሣጥን ነበር። ኦርዌይ ከዚህ በፊት በድራማው ላይ ስትመጣ ሁልጊዜ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ታጨስ ነበር። ልማድ ነውና እጇ ወደ ሣጥኑ ሄደ። መሐል መንገድ ላይ ዛሬ ገዳይዋ እሷ መሆኗ ትዝ አላት። እጇ አየር ላይ ቀረ፣ ቃሉም ከአፏ በኖ ጠፋ። ዓይኗን ሁለቴ አርገበገበችና የመጣላትን ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ የመጣላት ግን ብዙ ገጽ አልፎ ያለው ነበር። አንድ ሙሉ ትዕይንት እንዲያው ተዋጠ። አሽከሩን የሚጫወተው ሰው የብር ትሪውን ይዞ በሩ ኋላ ተገትሮ፣ ግባ የሚለው ሳያገኝ ቀረ።

ኮስግሬቭ በዊኒ ጆሮ ውስጥ ጮኸ። አራት ደቂቃ ተርፎናል፣ አራት ደቂቃ ባዶ፣ ፍተሻው ላይ ይውጣ፣ ሳቢው አላት። በኮስግሬቭ ድምፅ ውስጥ ላብ ይሰማ ነበር።

አራት ደቂቃ በቴሌቪዥን ዘላለም ነው። ፍተሻው የሚካሄደው ደግሞ እዚያው ሬሳው ባለበት መጻሕፍት ቤት ውስጥ ነው።

ቴሪስ ገባ። ዊኒ ከካሜራው ጎን ተንበርክካ እጆቿን ሳበች። እሱም ገባው፣ ደስም አለው፤ ካሜራው ለብቻው ሲሆንለት ፊቱ ላይ ቅባት እንደፈሰሰበት ያበራል። መሳቢያ ከፈተ፣ ዘጋ። ሁለት መጽሐፍ አራገፈ። የመጀመሪያውን ሲጋራ ለኮሰና መሐል ክፍሉ ላይ ቆሞ አሰበ፤ ማሰብ ማለት ለሱ ጭስ ወደ ላይ መልቀቅ ነው። መብራቱ እንደ ምጣድ ያቃጥላል፣ አየር ማውጫው ድምፅ እንዳያሰማ ተዘግቷል፣ ጭሱ መሄጃ አጥቶ እየወረደ ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ምንጣፉ ላይ ፕሩዛን አሉ። የዱንሞር ሽታ የጣፈጠ፣ የከረመ፣ ስኳር የተቃጠለበት ዓይነት ነው። ዊኒ በየሳምንቱ ከፀጉሯ ታጥበዋለች፣ አይለቅም።

ጆሮዋ ውስጥ ግርግር ሆነ፤ ኮስግሬቭ ተገፍቶ ሃክስቢ ማይክሮፎኑን ያዘ። ከረሜላው ጥርሱን ሲመታ ሳይቀር ይሰማታል። "ጭሱ ያምራል" አለ። "መቼ እንዲህ አምሮ ያውቃል። ሌላ ያቀጣጥል።"

ዊኒ ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ቴሪስ ሁለተኛውን ለኮሰ። ሃክስቢ ሌላ አለ። ዊኒም በጣቷ ሌላ አለች። ሦስተኛው ሲለኮስ የፕሩዛን አንገት ላይ አንድ ሥር ገመድ ሆኖ ተነሣ። ካሜራው አላየውም፣ ዊኒ አየችው። የሚስቡት የገዛ እጆቿ ናቸው። ላይ ያለው ሰው ከረሜላ ይመጥጣል፣ እዚህ ያለው ሰው ጭስ ይለቃል፣ መሐል ላይ ግን ገመዱን የምትስበው እሷ ናት።

ቴሪስ ከዚህ በኋላ ያደረገውን ማንም አላዘዘውም፤ ከራሱ ነው ያመነጨው። መሳቢያው ሁሉ አለቀበትና ሬሳው አጠገብ ሄዶ ተንበረከከ። ሲጋራውን በሁለት ጣቱ ይዞ የፕሩዛን አፍንጫ ሥር አስጠጋው፣ ጫፉ ከላይኛው ከንፈራቸው የጥፍር ያህል ነበር የሚርቀው። ከዚያ ወደ ካሜራው ቀና አለ። አገሩ ወዲያው ገባው፤ ሟቹ የሚተነፍስ ከሆነ ጭሱ ይታወካል፣ ካልተነፈሰ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ካሜራ እየተንሸራተተ ተጠጋ። የፕሩዛን ፊት መስኮቱን ሞላው።

ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ክር የመሰለ፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር።

ሃክስቢ ጆሮዋ ውስጥ አቃሰተ። ዊኒ እንዲህ ዓይነቱን ድምፅ ወንድ ከጥጋብ በኋላ ሲያሰማ ነው የምታውቀው። "እንዴት ያለ ነገር ነው" አለ፣ "ጭሱን አያችሁት? ይድገመው። በሌላኛው አፍንጫ ይድገመው። ንገሪው።"

የፕሩዛን ጣት ካባው ውስጥ ምንጣፉን ቧጠጠ። ከንፈራቸው ከዱቄቱ ሥር ቀለሙን ለወጠ። ዊኒ ከቦታዋ ሆና የሚያዩአትን ሁሉ አየቻቸው። ካሜራ የያዘው፣ ማይክሮፎን ያንጠለጠለው፣ መብራት ላይ ያለው፣ ሁሉም ሰውየው ሬሳ አለመሆኑን ያውቃል፣ ሁሉም እጇን ይጠብቃል። አንድ ሰው እንኳን ፊቱን አላዞረም። ጸያፍ ነገር ብዙ አይታለች፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሴት ሆኖ ስምንት ዓመት መቆየት የዋዛ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም። የታመመ ሽማግሌ አፍንጫ ሥር እሳት ይዞ አገር ሙሉ ትንፋሽ እየዋጠ መመልከት፣ እሱንም ድገሙ ማለት።

መዳፏን አንገቷ ላይ አሳለፈች። ጨርስ።

ቴሪስ ግራ ገባው። ሰዓቱን እሱም ያውቃል፣ ገና ብዙ ይቀራል። ቢሆንም የመድረክ ተዋናይ ለእጅ የሠለጠነ ፈረስ ነው፤ እጁ ካለ ካለ ነው። ተነሥቶ መጻሕፍት ቤቱ ጥግ ወደቆመው ትልቅ ሰዓት ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ከፈተው፣ ማስረጃ የሆነውን የዕንቁ ሐብል አወጣ። ኮስግሬቭና ሃክስቢ በአንድ ላይ ጮኹ። ዊኒ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀችና አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፤ ጩኸቱ ከዚያም ሆኖ እንደ ተርብ ይሰማል። ካሜራዎቹ ወደ ሳሎኑ ዞሩ፣ ኦርዌይ ኑዛዜዋን ጀመረች።

መብራቱ ከመጻሕፍት ቤቱ ላይ እንደጠፋ ዊኒ ፕሩዛንን ከነምንጣፉ ጠቀለለቻቸው። አሽከሩ ተዋናይ ትሪውን አስቀምጦ ሳትጠራው መጣ፤ ሲጠብቅ ከርሞ ሳይገባ የቀረው ያ ሰው። በእግራቸው በኩል ያዘላት፣ ድምፅ የማያስተላልፈውን ድርብ የብረት በር አልፈው ኮሪደር ላይ አሳረፏቸው። የታፈነው ሳል እዚያ ወጣ። ወጣ ከማለት ፈነዳ ማለት ይቀላል። ሽማግሌው እጥፍ ብለው ምንጣፉን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ምንጣፉ ላይ ቀይ ነገር እየጣሉ፣ ሰማይ ምድሩ እስኪዞርባቸው አሳላቸው። ዊኒ ግንባራቸውን ደግፋ ያዘቻቸው። ቀሚሷ ላይ ዱቄትና ደም ተለወሰ። አልተጸየፈችውም፤ በዚያ ቀን ካየችው ነገር ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር።

ስቱዲዮው ውስጥ ግን የተረፈው ጊዜ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሏል። የሚሞላው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማስታወቂያ። ማስታወቂያውን የምትሠራው ጊልዳ ትባላለች፣ ለጥርሷ ተብላ የተመረጠች የሃያ ዓመት ልጅ፣ በሕይወቷ አጭሳ የማታውቅ። ወትሮ አንዴ ስባ፣ ፈገግ ብላ፣ ልስላሴውን አሞግሳ ትጨርስ ነበር። ዛሬ ካሜራው ከፊቷ አልሄደም። በቃሽ የሚላት እጅ ደግሞ ኮሪደር ላይ የሰው ግንባር ይዟል። ጊልዳ ሳበች፣ ፈገግ አለች፣ አሞገሰች። ደግማ ሳበች። የማሞገሻው ቃል ሲያልቅባት ዝም ብላ መሳብ ጀመረች፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

ኮሪደሩ ላይ ዊኒ ሳል ስትሰማ ደነገጠች። የፕሩዛን መስሏት አፋቸውን ልትይዝ እጇን ሰደደች። እሳቸው ግን ጸጥ ብለው ክንዷ ላይ ጋደም ብለዋል። ሳሉ የሚመጣው ከግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው፣ አገሩ የሚሰማውን ሁሉ ከምታሰማው። ረጅም፣ እርጥብ፣ ማቋረጫ የሌለው የልጃገረድ ሳል። አሽከሩ ትሪ እንደያዘ ሰው እጁን ዘርግቶ ቀረ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዊኒ መሳቅ አልቻለችም። ያቺ ልጅ ምን አደረገች፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሃክስቢ በደረጃው ሲወርድ ጫማው ይሰማል። ፕሩዛን ያን ያህል ኃይል ከየት እንዳመጡ እግዜር ይወቅ፣ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው መሐረቡን እጅጌያቸው ውስጥ ሸጎጡት። ዊኒ ምንጣፉን በእግሯ ገለበጠችው። ሃክስቢ በሩን ሲከፍት ፊቱ ቲማቲም ሆኖ ነበር፣ ከኋላው ኮስግሬቭ ተከትሎታል።

"ማነው ያቋረጠው?"

"እኔ ነኝ" አለች ዊኒ።

"ለምን?"

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ሰውየው እየሞተ ነበር ልትለው ትችላለች፣ ያቺን ካለች ግን ሳንባው ተነገረ፣ ተራራውም ሄደ። ቃሉን እንደ መራራ ክኒን ዋጠችው። ሰዓቱን አሳስቼ አነበብኩት አለችው። ሃክስቢ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየላሰ፣ ሴት ሰዓት ማንበብ እንደማትችል ድሮም ያውቅ እንደነበር ነገራት፤ ማዳመጫውን እዚያው አስቀምጣ እንድትሄድ፣ ነገም እንዳትመጣ። ዊኒ ወደ ኮስግሬቭ አየች። ኮስግሬቭ ጫማውን ያይ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ የበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠለችው፣ ከደረቷ ላይ ትልቅ ነገር የወረደላት መሰላት። ይሁን፣ ሰኞ ሽማግሌው ባቡር ላይ ናቸው።

ሃክስቢ ሊዞር ሲል ፕሩዛንን አያቸው። ፊቱ ባንዴ ተለወጠ፣ ከአፉ ማር ጠብ ሊል ደረሰ። "ሚስተር ፕሩዛን" አለ። በዚያ ቤት ሬሳ ሚስተር ሲባል ያ የመጀመሪያው ነው። "እርስዎ ምን ዓይነት ሰው ነዎት? እንዲህ ያለ ሞት በዘመኔ አላየሁም። ያ ጭስ ቀጥ ሲል፣ እኔ ፊልም ላይ እንኳን... ስሙኝ፣ በየሳምንቱ እፈልግዎታለሁ። የመርማሪ ካርሞዲ ሬሳ እርስዎ ነዎት ከእንግዲህ። ፊትዎን እንቀያይረዋለን፣ ጢም እንለጥፍልዎታለን፣ ጭሱን ግን በየሳምንቱ እንደግመዋለን።" ከዚያ ከኮስግሬቭ ብብት ሥር የዱንሞር ካርቶን ተቀብሎ እጃቸው ላይ አኖረላቸው፤ ለትልልቅ እንግዶች ብቻ የሚሰጥ፣ የወርቅ ክር የታሰረበት።

ዊኒ የሚሉትን ታውቃለች። አመሰግናለሁ፣ ግን ሰኞ መንገደኛ ነኝ ይላሉ። ጠበቀች። ፕሩዛን ወገባቸውን ይዘው ተነሡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ድሮ መጋረጃ ሲዘጋ እንደሚደረገው። ሃክስቢ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ሄደ፣ ኮስግሬቭም ሄደ። አሽከሩም ዓይኑን ከዊኒ አሽሽቶ ትሪውን ፍለጋ ገባ።

"ሚስተር ፕሩዛን" አለች ዊኒ። ድምፅዋ ለራሷ ሩቅ ሆኖባት። "ለምን አልነገሩትም?"

ሽማግሌው ወደሷ ሲዞሩ ዓይናቸው ውስጥ ያየችው ምስጋና አልነበረም። ቁጣ ነው።

"አንቺስ ለምን አቋረጥሽኝ?"

"እንዴት?"

"ይደግም ነበር እኮ። ካሜራው ገና እየመጣ ነበር። እኔ ላይ ካሜራ እንዲያ ተጠግቶ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ዊኒ። መጣ፣ አፍንጫዬ ድረስ መጣ፣ አንቺ እጅሽን አንስተሽ አባረርሽው።"

ዊኒ ቀሚሷ ላይ ያለውን ደም አየች። ከዚህ በፊት የተጸየፈቻቸው ሰዎች ሁሉ ከብረቱ በር ወዲያ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ነበሩ። አሁን ግን አንዱ ከፊቷ ነው፣ ሾርባ ያበላችው ሰው።

"ሰኞ ባቡሩ አለ" አለች። "አልጋው ተይዞልዎታል። ሐኪሙ ምን እንዳለ ያውቃሉ።"

ፕሩዛን ከረባታቸውን አጠበቁ። ቁጣው ወርዶላቸው፣ ከልባቸው አዝነውላት፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰኞማ ልምምድ አለብኝ፣ ልጄ" አሉ፣ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ታቅፈው።